እንግዳን ስለ መናቅ፤ ንቀትም በሰው ነፍስ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በመልክተኛው በሙሐመድ፣ በቤተ ሰቦቻቸውና በጓደኞቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

አንባቢ ሆይ! በዚህች አጭር ጽሑፍ የሚመረመረው ጥያቄ ይህ ነው። ሰው በሌላው ሰው ላይ እጁን ሳያነሣ፣ ገንዘቡን ሳይወስድ፣ በሸንጎም በሐሰት ሳይመሰክርበት፣ በዓይኑ አሳንሶ ስላየውና በቃሉ አቃሎ ስለ ጠራው ብቻ በደለኛ ይባላልን? ብዙ ሰዎች «አይባልም» ብለው ያስባሉ። «ቀልድ ነው፤ ምን ወሰድሁበት? ምንስ ጎደለበት?» ይላሉ። እኛ ግን በአላህ ፈቃድ የንቀት ቃል ሌባ መሆኑን፣ የሚሰርቀውም ከልብስና ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር መሆኑን እናሳያለን። ለምሳሌም ሩቅ አንሄድም፤ ከሞላሌና ከመላው የመንዝ ደጋ ተነሥተው ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱትን ወጣቶች እንመለከታለን።

ሰው ከአገሩ ስለሚወጣበት ምክንያት

የመንዝ ደጋ ብርድ የጸናበት አገር ነው። ምድሩ ገብስ ያበቅላል፤ ከበጉ ጠጕርም ባናና በርኖስ ይሠራል። ነገር ግን የበልግ ዝናም ሲቀር ወይም ውርጭ እሸቱን ሲመታው የቤተ ሰብ ተስፋ ባንድ ሌሊት ይጠፋል። መሬቱ ከአባትና ከእናት ወገን በዘር እየተቈጠረ በርስት ሲከፋፈል የኖረ ነው። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን ከታወጀ በኋላም የሰው ቍጥር እየበዛ፣ የእርሻው ስፋት ግን ያው ስለሆነ፣ ለዛሬው ወጣት ከአባቱ ማሳ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ለብዙዎችም ከቶ የሚደርሳቸው የለም።

ስለዚህ ልጁ በሶውን ቋጥሮ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በመዘዞና በጣርማ በር አድርጎ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ከዚያም 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከላምበረት መናኸሪያ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ወይ የቀን ሠራተኛ፣ ወይ ዘበኛ፣ ወይ ተሸካሚ ይሆናል፤ እኅቱም በደላላ አማካይነት የሰው ቤት ትገባለች። አስተውል! ይህ ሰው ወንጀለኛ አይደለም፤ ለማኝም አይደለም። የክንዱን ሥራ ሊሸጥ የመጣ ነው። ሐላል እንጀራ ፍለጋ በምድር ላይ መጓዝም በሃይማኖታችን የተመሰገነ እንጂ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም።

እንግዲህ ይህ ሰው ከመኪናው ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ ምን ምን እንደሚወሰድበት በተራ እንቈጥራለን።

አንደኛ፤ ስሙ ይወሰድበታል

በመንዝ ሰው ከሰው ሲገናኝ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። የተጠየቀውም አባቱንና አያቱን፣ የእናቱንም ወገን ቈጥሮ ይመልሳል። ሰውየው ድሀ ቢሆንም እንኳ በዚያ አቈጣጠር ውስጥ ስፍራ አለው፤ ሲታመም የሚጠይቀው፣ ሲሞት የሚቀብረው ወገን ይታወቃል። በመናኸሪያው ግን ይህን የሚጠይቀው የለም። ሳይጠየቅ ስም ይወጣለታል፤ «ባላገር»፣ «ገጠሬ»፣ «ፋራ» ይባላል።

ከእነዚህ ስሞች አንደኛውን መርምር። ባላገር ማለት ባለ አገር፣ አገር ያለው ሰው ማለት ነው። የክብር ቃል ነበረ፤ በከተማ ሰዎች አፍ ግን ስድብ ሆነ። አገር ያለው ሰው አገር ስላለው ሲሰደብ ከዚህ የበለጠ የነገር መገልበጥ ምን አለ?

ደግሞም የከተማይቱን ታሪክ አስታውስ። የሸዋ ነገሥታት ትውልድ መነሻ መንዝ ነው፤ የሥርወ መንግሥቱ መሥራች ነጋሢም ከዚያ የተነሣ ነው። ከዘሩ የተወለዱት ነገሥታት ወደ አንኮበር፣ ከአንኮበርም ወደ እንጦጦ እየተዛወሩ በመጨረሻ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቈረቈረች። ስለዚህ ከዚያ ደጋ የሚመጣውን ሰው «ከየት የመጣህ ነህ?» እያለ የሚሥቅ ከተሜ በአያቶቹ መንገድ ላይ ቆሞ ይሥቃል። ከተማ ማለት ቀድመው የመጡ እንግዶች የተሰበሰቡበት ስፍራ ነውና፣ ቀድሞ መምጣትም ዘርን አያከብርም።

ሁለተኛ፤ ጤናው ይወሰድበታል

ይህን የምንለው ነገርን ለማጋነን አይደለም። የተናቀ ሰው ዘወትር ዘብ እንደ ቆመ ይኖራል። ታክሲ ሲሳፈር፣ ሱቅ ሲገባ፣ አፉን ሊከፍት ሲል «አሁን ይሥቁብኝ ይሆን?» ብሎ ይፈራል። ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ነገር ግን የመንዝ ለዛው ስለሚያስቅበት ዝም ማለትን ይመርጣል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት፣ ሰውነት አደጋ በተሰማው ጊዜ ልብ ይፈጥናል፣ የደም ግፊት ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይርቃል። ዥብ ያየ መንገደኛ ዥቡ ሲሄድ ይረጋጋል። ንቀትን የሚጠብቅ ሰው ግን የሚፈራው ነገር በየደጁ ስላለ ሰውነቱ ዕረፍት አያገኝም። ይህም ለወራትና ለዓመታት ሲቈይበት ሰውነቱ ይዳከማል፤ ማለዳ የሚነሣበትን ጕልበት የሚነሣ፣ የማይለቅ ትካዜም ይይዘዋል።

ከዚህ የሚከፋው፣ ሲታመም አለመናገሩ ነው። ሐኪም ቤት ቢሄድ የሚሉትን እንዳይረዳ፣ እሱም የሚናገረው እንዳይገባቸው ይፈራል። ሕመሙ የመንፈስ ከሆነማ ከ«ገጠሬ»ው ስም ላይ «እብድ» የሚል ሌላ ስም እንዳይጨመርበት ይሸሽገዋል። በአዲስ አበባ ስንቱን በሽተኛ ያዳነው የአማኑኤል ሆስፒታል ስሙ መሳለቂያ የሆነበት አገር ነውና፣ መሸሸጉ አይፈረድበትም።

ኤርቪንግ ጎፍማን የሚባል የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1963 በዚህ ነገር ላይ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በጥንት ግሪኮች ዘንድ ባሪያውና ወንጀለኛው እንዲታወቅ በሰውነቱ ላይ ምልክት ይደረግበት እንደ ነበረ ያስታውሳል። ምልክት የተደረገበት ሰውም ቀስ በቀስ በሌሎች ዓይን ራሱን ማየት እንደሚጀምር፣ ዕፍረቱም ከዚያ እንደሚወለድ ያስረዳል። የንቀት ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። የናቀህ ሰው ሲሄድ ንቀቱ አብሮት አይሄድም፤ አንተ ዘንድ ያድራል። በመጨረሻም የሚንቅህ ሌላ ሰው ሳይኖር አንተው ራስህን ትንቃለህ።

ሦስተኛ፤ መብቱ ይወሰድበታል

አንባቢ ሆይ፤ «ቃል ብቻ ነው» የሚለው ሰው እዚህ ላይ መልስ ያጣል። ራሱን ዝቅ አድርጎ ያየ ሰው የሚገባውን አይጠይቅምና ነው። አሠሪው የቀን ሙያውን ቢያስቀርበት «ማን ይሰማኛል?» ብሎ ይተወዋል። የናቀውም ሰው «ለዚህ ይበቃዋል» ብሎ ኅሊናውን ያሳርፋል። እንግዲህ ንቀት በአንዱ ወገን አፍ መዝጊያ፣ በሌላው ወገን ኅሊና ማስተኛ ሆኖ፣ ገንዘብ የሚሰረቅበትን በር ከሁለት ወገን ይከፍታል።

የቤት ሠራተኛይቱን ተመልከት። «እትዬ» እያለች በአክብሮት ለምትጠራት ሴት ከሌሊት ጀምራ ትሠራለች፤ እሷ ግን ስም እንደሌላት «አንቺ» ትባላለች። በአንዳንድ ቤት የምትበላበት ሳሕንና የምትጠጣበት ኩባያ ተለይቶ ይቀመጣል። ሕግም ከዚህ አላዳናትም። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 የቤት ሠራተኛን የሥራ ውል ከሽፋኑ ውጭ ትቶ ሌላ ደንብ እንዲወጣለት አዘዘ። ልማድ ቀድሞ የናቀውን ሕግ ይዘነጋዋልና፣ ይህ ያጋጣሚ ነገር አይደለም።

የመታወቂያውም ነገር እንዲሁ ነው። ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ያላመጣ ሰው የነዋሪነት መታወቂያ አያገኝም፤ መታወቂያ የሌለው ደግሞ ቤት ለመከራየትና ሥራ ለመቀጠር ይቸገራል። በ2015 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን መስመር ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የነበሩ ብዙ ሰዎች በመታወቂያቸው እየታዩ ከመንገድ መመለሳቸው የታወቀ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 32ም በአገር ውስጥ የመዘዋወርና የመኖር መብትን ጽፏል። በወረቀት የተጻፈው በሰው ልብ ካልተጻፈ ኬላው ላይ ሲደረስ ይረሳል።

ይህ ጉዳይ የእኛ ብቻ አይደለም። በቻይና እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው የነዋሪዎች ምዝገባ ሕግ ሰው ሁሉ በገጠሬነት ወይም በከተሜነት ተመዘገበ። ዛሬ ከገጠር ወጥተው በሥራ የሚተዳደሩት ከ290 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ሕጉ ከጊዜ ወደ ጊዜ ቢላላም፣ ከእነሱ ብዙዎቹ በሠሯት ከተማ ውስጥ ልጆቻቸውን ለማስተማርና ለመታከም ሲቸገሩ ኖረዋል። ከተማዎቹን በእጃቸው ገነቡ፤ የከተማው ሰው ተብለው ግን አልተቈጠሩም።

አራተኛ፤ የመመለሻ መንገዱ ይወሰድበታል

በአገሩ ያሉት ወላጆቹ «ልጃችን ከተማ ገባ» ብለው ኰርተዋል። ስለዚህ ተዋርዶ እንደሚኖር ሊነግራቸው አይችልም፤ በስልክ ሲጠይቁት «ደኅና ነኝ፤ አላህ ይመስገን» ይላል። ባዶ እጁን መመለስ ያሳፍረዋል፤ መቆየቱም ያቃጥለዋል። በከተማው ባላገር፣ በባላገሩ ከተሜ ሆኖ፣ በሁለቱም ስፍራ ባይተዋር ይሆናል።

የስደተኞች ናፍቆትና የነቢዩ ምሳሌ

ዕወቅ! እስልምና ገና ከመነሻው የስደተኞች ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የመጀመሪያዎቹ አማኞች ግፍ ሲጸናባቸው ባሕር ተሻግረው ወደ ሐበሻ መጡ። ነጃሺ «አሳልፈህ ስጣቸው» ሲባል ቃላቸውን ሳይሰማ አልፈረደም፤ ከሰማም በኋላ በምድሩ በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደላቸው። አባቶቻችን እንግዳን በመቀበል የተመሰገኑበት ምድር ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ622ም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከመካ ወደ መዲና ተሰደዱ። ስደተኞቹ ሙሃጂሮች፣ የተቀበሏቸው የመዲና ሰዎች አንሷሮች ተባሉ። መዲና ሲደርሱ አቡበክርና ቢላል በትኩሳት ታመው ነበር። ቢላልም የመካን ሸለቆና ሣሩን፣ ተራራዋንም በግጥም እያነሣ ይናፍቅ ነበር። ነቢዩ ይህን በሰሙ ጊዜ «ወንድ ልጅ ይጽና» ብለው አልገሠጹትም፤ መዲና እንደ መካ የተወደደች እንድትሆንላቸው አላህን ለመኑ እንጂ። ከዚህም የምንማረው ናፍቆት የእምነት ጕድለት አለመሆኑን፣ የሚያሽረውም አዲሱ አገር ሲወደድ መሆኑን ነው። አገር ደግሞ ሰዎቹ ሳይወደዱ አይወደድም።

ስለዚህም ነቢዩ እያንዳንዱን ስደተኛ ከአንድ የአገሩ ሰው ጋር ወንድም አደረጉ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ጋር ተወዳጁ። ሰዕድ የሀብቱን እኩሌታ ሊሰጠው አቀረበ። ዐብዱረሕማን ግን መርቆት የገበያውን መንገድ ብቻ እንዲያሳየው ጠየቀ፤ በንግዱም በለጸገ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ክብር አለ፤ የሰጪው ለጋስነትና የተቀባዩ አለመዋረድ። ሰዕድ ባይሰጥ ኖሮ ዐብዱረሕማን ብቻውን በቀረ ነበር። ሰዕድ ሰጥቶ ቢመጻደቅበት ኖሮ ደግሞ ዐብዱረሕማን ባሪያው በሆነ ነበር። እንግዳ የሚፈልገው መንገድ የሚያሳየውና እንደ ወንድም የሚያየው ሰው ነው።

ነገር ግን በዚያም ትውልድ ውስጥ የንቀት እሳት አልጠፋም ነበር። በሙረይሲዕ ውሃ አጠገብ አንድ ሙሃጂርና አንድ አንሷር ተጣሉ፤ አንደኛው የሙሃጂሮችን ወገን፣ ሁለተኛው የአንሷሮችን ወገን ለርዳታ ጠራ። ነቢዩም ይህን የወገን ጥሪ የድንቁርና ዘመን ጥሪ መሆኑንና የሚገማ ነገር መሆኑን ነግረው ተቈጧቸው። ኢብኑ ኡበይ ግን ይህን ሰበብ አድርጎ፣ ወደ መዲና ሲመለሱ የአገሩ ባለቤቶች ስደተኞቹን እንዲያስወጡ ተናገረ። ቁርኣንም በሙናፊቆች ምዕራፍ ነቀፈው። አስተውል! መጤን የሚያስወጣ ንግግር በቁርኣን የተጠቀሰው ከመናፍቅ አፍ ነው።

ደግሞም መስጊድ ትጠርግ የነበረች አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። በሞተች ጊዜ ሰዎች ነገሯን አቃለው፣ ለነቢዩ ሳይነግሩ በሌሊት ቀበሯት። እሳቸው ግን ፈልገው ጠየቁ፤ «ለምን አልነገራችሁኝም?» ብለውም መቃብሯ ድረስ ሄደው ሰላት ሰገዱላት። ቤትህን የምትጠርገውን ልጅ ስትመለከት ይህችን ሴት አስብ።

የተናቀውም ሰው ራሱን እንዲመረምር

አሁን ደግሞ ከመንዝ ወደ ወጣው ወንድማችን እንመለስ። ወንድሜ ሆይ፤ ንቀት እንደሚያቃጥል ዐውቀሃል። በአገርህ ሳለህ ግን ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው፣ ሸክላ የምትሠራውን እናት፣ ሸማ የሚሠራውን ጐረቤትህን «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እያልህ አልጠራህምን? በማረሻው አርሰህ፣ በእንስራዋ ውሃ ቀድተህ፣ በሸማው ተከናንበህ፣ ሠሪዎቹን ግን ከማዕድህና ከጋብቻህ አላራቅህምን? ከሰሜን ሸዋ ወጥተው በአዲስ አበባ በቀጨኔ የሰፈሩት ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ይህን ስም ከአገራቸው ተሸክመው መጡ፤ በከተማም ለልጅ ልጆቻቸው ተረፈ። እነሱ ሁለት ጊዜ ተናቁ፤ አንድ ጊዜ በባላገሩ፣ ሁለተኛም በከተሜው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሥራው የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ሰው ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ መሆኑንም አስታውሰዋል። ዐዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ስድቡ ግን ዛሬም አለ። ንቀት የሚጠፋው እያንዳንዱ ሰው በእጁ ያለውን ሲጥል ነው። በአንተ ላይ የተነገረው ቃል ግፍ ከሆነ፣ አንተ የተናገርኸውም ግፍ ነው። ከደብረ ብርሃን መጠለያዎች፣ ባለፉት ዓመታት ከኦሮሚያ ክልል ልዩ ልዩ ስፍራዎች ሸሽተው በገቡ ሰዎች ላይ «ተፈናቃይ» የሚለው ቃል ስም ሆኖ ሲቀርባቸው ታያለህ። አንተ ቀድመህ የገባህ ነህና፣ ለእነሱ ከተሜ እንዳትሆንባቸው ተጠንቀቅ።

ተቃዋሚ ለሚያነሣው ነገር መልስ

ምናልባት አንድ ሰው «ከገጠር የሚመጡት የከተማ ወግ አያውቁም» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ መንገድ መሻገሩና ሊፍት መሳፈሩ ያስቸግራቸዋል። አንተስ መንዝ ብትወጣ በሬ ጠምደህ ማረስ፣ በደመናው የውርጭን ሌሊት ማወቅ ትችላለህን? ሰው ባልኖረበት ነገር ቢያላውቅ ነውር የለበትም፤ ያላወቀውን ማስተማር ሲቻል በሱ መሣቅ ግን ነውር ነው።

«ከእነሱ መካከል ሌባ አለ» የሚልም ይኖራል። አለ፤ በከተማ ከተወለዱትም አለ። የሰረቀ በሠራው ይጠየቅ፤ ያልሰረቀውን በለዛውና በልብሱ መጠርጠር ግን በአንዱ ኀጢአት ሌላውን መቅጣት ነው። ይህንም አላህ ከልክሏል።

ሊደረግ ስለሚገባው ነገር

አንባቢ ሆይ፤ ካነበብኸው ውስጥ ይህን ያዝ። ተሸካሚውን፣ ዘበኛውንና ሠራተኛይቱን በስማቸው ጥራ፤ ስማቸውን ካላወቅህ ጠይቅ። የሠራተኛን ሙያ ላቡ ሳይደርቅ ክፈል። በቤትህ የምትሠራው ልጅ ከምትበላው ትብላ፤ የዕረፍት ቀንና የመማሪያ ሰዓት ይኑራት። እንግዳው ሲታመም «ሂድ ታከም» ብለህ አትተወው፤ አብረኸው ሂድ። በመስጊድ ሶፍ የተሸካሚው ልብስ ቢያድፍ ትከሻህን ከትከሻው አታርቅ፤ እዚያ የራቅኸውን ሰው በገበያ ልትቀርበው አትችልምና። ዕድርና ማኅበርም ቢኖርህ ለአዲስ መጪው በሩን ክፈት፤ በከተማ ብቻውን የሚኖር ሰው ትልቁ ፍርሃቱ ያለ ቀባሪ መሞት ነው።

አንተም የተናቅህ ወንድሜ፣ አባትህንና አያትህን መቍጠር አትርሳ፤ ለልጆችህም ንገር። ለዛህን አትፈር። መብትህን በዝግታና በድፍረት ጠይቅ፤ ዝምታህን ትዕግሥት አታድርገው። ትዕግሥት የአላህን ፍርድ መጠበቅ ነው፤ ዝምታ ግን አንዳንድ ጊዜ ለበዳይ መንገድ መጥረግ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ወደ ጠየቅነው ጥያቄ ስንመለስ፣ እጁን ሳያነሣ የናቀ ሰው በደለኛ ነውን? አዎን፤ በደለኛ ነው። ስም፣ ጤና፣ መብትና የመመለሻ መንገድ ወስዷልና። የተሰረቀ ገንዘብ ቢመለስ ዕዳው ይቀልላል፤ የተሰረቀ ክብር ግን የተበደለውን ሰው ፊት ለፊት ይቅርታ ሳይጠይቁ አይመለስም። ስለዚህ ዛሬ፣ ሰውየው በቅርብህ ሳለ፣ ሄደህ ጠይቀው።

አላህ ሆይ፤ ከአገሩ የወጣውን ሁሉ በሰላም አድርሰው፤ የሚኖርበትን አገር አስወድደው፤ ለአገሩም ሰዎች የአንሷሮችን ልብ ስጣቸው። ምላሳችንን ከንቀት፣ ልባችንን ከኵራት አጽዳ። አሚን።